መንገዱ ለምን ተዘጋ? የቤተ እስራኤል ወጣቶች ተቃውሞና ያስነሣው ክርክር

ጁን 30 ቀን 2019 በእስራኤል፣ በሃይፋ ከተማ ቂርያት ሃይም በሚባለው ሰፈር፣ ከሥራ ሰዓቱ ውጭ የነበረ አንድ ፖሊስ ገና ሃያ ዓመት ያልሞላውን ሰሎሞን ተካን ተኩሶ ገደለው። ፖሊሱ ከቤተሰቡ ጋር መናፈሻ ውስጥ ነበር። በወጣቶች መካከል የተነሣ ጠብ ሊገላግል ሲገባ ድንጋይ እንደተወረወረበት፣ ለሕይወቱ ሰግቶ ወደ መሬት እንደተኮሰና ጥይቱ ነጥሮ ልጁን እንደመታው ተናገረ። በማግስቱ ጀምሮ ትውልደ ኢትዮጵያውያን ወጣቶች ከሰሜን እስከ ደቡብ ዋና ዋና መንገዶችን ዘጉ። ጎማ ነደደ፣ መኪኖች ተቃጠሉ፤ ፖሊስ ከ130 በላይ ሰዎችን አሰረ፤ ከ100 በላይ የፖሊስ አባላትም መጎዳታቸውን አስታወቀ።

ወሬው አገር ቤት ሲደርስ ሁለት ዓይነት መልስ ገጠመው። አንዱ «ቀድሞውኑስ ማን ሂዱ አላቸው?» የሚል ነው። ሌላው ደግሞ «በአውሮፕላን ተጭነው ሄደው፣ ቤት ተሰጥቷቸው፣ ምን ጎድሏቸው ነው?» ይላል። ሁለቱም ጉዳዩን ይስቱታል። በተለይ ሁለተኛው እስራኤል ውስጥም በየአጋጣሚው የሚሰማ ነውና፣ የዚህን ንቅናቄ ውዝግብ ለመረዳት የተሻለ መነሻ የለም። ዓመቶቹን ሁሉ የምጠቅሰው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

ውለታ ተደርጎ የተቆጠረ መብት

ቤተ እስራኤላውያን፣ ማለትም ኢትዮጵያውያን አይሁድ፣ በጎንደር፣ በስሜንና በትግራይ ለዘመናት ወደ ኢየሩሳሌም እየጸለዩ የኖሩ ናቸው። ከእስራኤል ዋና ራቢዎች (የአይሁድ ሃይማኖት መሪዎች) አንዱ የነበሩት ኦቫድያ ዮሴፍ በ1973 አይሁድነታቸውን የሚያረጋግጥ የሃይማኖት ውሳኔ ሰጡ፤ መንግሥትም በ1975 የመመለስ ሕጉ እንደሚመለከታቸው ተቀበለ። ከዚያ በኋላ አይሁዳዊ እንደሆነ ማንኛውም ሰው ወደ እስራኤል መግባትና ዜጋ መሆን መብታቸው ሆነ። ከሩሲያ ወይም ከፈረንሳይ የሚገባ አይሁዳዊ በዚሁ ሕግ ሲገባ «አዳንንህ» የሚለው የለም።

የኢትዮጵያውያኑ ጉዞ ግን የሚነገረው ሁልጊዜ የማዳን ታሪክ ሆኖ ነው። በ1984 መጨረሻና በ1985 መጀመሪያ በሙሴ ዘመቻ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ከሱዳን በድብቅ በአውሮፕላን ተወሰዱ። በሜይ 1991 ደርግ በወደቀበት ሰሞን በሰሎሞን ዘመቻ ከ14,000 በላይ ሰዎች በ36 ሰዓት ውስጥ ከአዲስ አበባ ወጡ። የአውሮፕላኖቹ ታሪክ በየመድረኩ ይወሳል። ከጎንደር ገጠር ተነሥተው ልጆቻቸውን አዝለው በሌሊት እስከ ሱዳን ድንበር የተጓዙት ሰዎች፣ በመንገድና በመጠለያ ጣቢያዎች ያለቁት በሺዎች የሚቆጠሩት ሟቾች ግን ለረጅም ጊዜ የትረካው ዳር ላይ ነበሩ። ትረካው በዚህ መልክ ሲደጋገም አንድ ሂሳብ ይተዋል፤ መንግሥት አበዳሪ፣ እነርሱ ባለዕዳ። ባለዕዳ ሲከፋው ደግሞ ምስጋና ቢስ ይባላል።

ለእኔ የንቅናቄው ፍሬ ነገር ይህን ሂሳብ አልቀበልም ማለቱ ነው። ፖሊስ፣ ደም ባንክ፣ ራቢዎች፣ የቤት ሽያጭ፣ ሁሉም በየጊዜው የተነሡ ጥያቄዎች ወደዚሁ ይመለሳሉ።

ከ2015 በፊት የነበረው

ተቃውሞው በ2015 በወጣ በአንድ ቪዲዮ የተጀመረ የሚመስላቸው አሉ። አይደለም። በ1985 መኸር የዋናዎቹ ራቢዎች ጽሕፈት ቤት ኢትዮጵያውያኑ ለማግባት በመጀመሪያ በውሃ ሥርዓት እንዲነጹ በመጠየቁ፣ ገና ዕብራይስጥ ያልያዙ ሰዎች ኢየሩሳሌም በሚገኘው ጽሕፈት ቤት ፊት ለፊት ለአንድ ወር ያህል ተቀመጡ። ለእምነታቸው ሲሉ በአገራቸው ስንት ነገር የቻሉ ሰዎች፣ ናፍቀውት በመጡበት ምድር አይሁድነታችሁ ይጣራ ተባሉ። ቄሶቻቸውም ለዘመናት ሲያጋቡና ሲቀብሩ እንዳልኖሩ፣ የማጋባት ሥልጣን ተነፈጋቸው።

ከዚያ የደሙ ነገር መጣ። በጃንዋሪ 1996 ማዓሪቭ ጋዜጣ የደም ባንኩ ከትውልደ ኢትዮጵያውያን የሚለገሰውን ደም በደስታ ተቀብሎ ለማንም ሳይናገር ሲደፋው መክረሙን አወጣ። ምክንያቱ ከኢትዮጵያ በመጡ ሰዎች ዘንድ የኤችአይቪ ስርጭት ከፍ ያለ ነው የሚል ነበር። ጥንቃቄ በራሱ ነውር የለበትም፤ ለሰዎቹ በግልጽ ሊነገርና በምርመራ ሊሠራ ይችል ነበር። የተደረገው ግን ክንዱን ዘርግቶ ደሙን የሰጠውን ወታደር አመስግኖ መሸኘትና ከኋላው መድፋት ነው። ወደ 10,000 የሚጠጉ ሰዎች በጠቅላይ ሚኒስትሩ ጽሕፈት ቤት ፊት ተሰለፉ፤ ፖሊስ በአስለቃሽ ጭስና በውሃ መርጫ በተናቸው። አጣሪ ኮሚሽን ተቋቋመ። በዚያው ዓመት ከተቃውሞው መሪዎች አንዱ የነበሩት አዲሱ መሰለ ኢትዮጵያ ተወልዶ ለክኔሴት፣ ለእስራኤል ሕግ አውጪ ምክር ቤት፣ የበቃ የመጀመሪያው ሰው ሆኑ።

ቁስሉ ግን አልዳነም ነበር። በዲሴምበር 2013 የደም ለጋሽ ጣቢያ ክኔሴት ቅጥር ግቢ ውስጥ በተተከለበት ዕለት፣ በሦስት ዓመቷ በሙሴ ዘመቻ የመጣችው የምክር ቤት አባል ፕኒና ታማኖ ሻታ ደም ልትሰጥ ቀረበች። ሠራተኛዋ ኢትዮጵያ የተወለደ ሰው ደም በመመሪያው መሠረት እንደማይወሰድ ነገረቻት። እንደራሴዋ ስትከራከር፣ ደሟን መስጠት ትችላለች፣ ግን ከመጠቀም ይልቅ ይቀዘቅዛል የሚል አማራጭ ቀረበላት። ይህ ሁሉ በቪዲዮ ተቀርጿል። በሕግ አውጪው ምክር ቤት ሕግ ለማውጣት የበቃች ሴት፣ በዚያው ምክር ቤት ግቢ ደሟ አልበቃም። አፈ ጉባኤው ጣቢያው ከግቢው እንዲወጣ አዘዙ፤ መመሪያውም ከዓመታት በኋላ ተሻሻለ።

በመካከሉ ደግሞ በ2012 ቂርያት ማላኪ ውስጥ አንዳንድ የቤት ባለቤቶች ለኢትዮጵያውያን ላለመሸጥና ላለማከራየት መስማማታቸው ተጋልጦ ሌላ ሰልፍ ተነሣ። በዚያው ዓመት ማብቂያ በቴሌቪዥን የቀረበ ዘገባ፣ ኢትዮጵያውያን ሴቶች ምንነቱን በሚገባ ሳይረዱ የወሊድ መከላከያ መርፌ ይወጉ ነበር አለ። የጤና ሚኒስቴር ሴቲቱ መርፌው ምን እንደሚያደርግ መረዳቷ ካልተረጋገጠ እንዳይታደስ ለሐኪሞች መመሪያ ሰጠ፤ የመንግሥት ተቆጣጣሪው በበኩሉ ሴቶቹ መገደዳቸውን የሚያሳይ ማስረጃ አላገኘሁም ብሎ ደመደመ። እዚህ ላይ ሁለቱንም መያዝ ያስፈልጋል፤ ሴራ ነበር ብሎ በእርግጠኝነት መናገር አይቻልም፣ ሴቶቹ በቋንቋቸው በቂ ማብራሪያ አግኝተው ነበር ማለትም አይቻልም።

ዩኒፎርም የለበሰው ልጅ

ኤፕሪል 26 ቀን 2015 ሆሎን ውስጥ ዳማስ ፓካዳ የተባለ ወታደር የሠራዊቱን ዩኒፎርም እንደለበሰ ብስክሌቱን ይዞ ቆሞ ነበር። ፖሊስ መንገዱን ዘግቶታል። አንድ ፖሊስ ቀርቦ ገፋው፣ ብስክሌቱን ጣለ፣ መታውና መሬት ላይ አጋደመው፤ ሁለተኛው ፖሊስ አገዘው። ከዚያ የታሰረው ወታደሩ ሲሆን፣ የተጠረጠረውም ፖሊስ በመምታት ነበር። ነጻ ያወጣው በአቅራቢያው የነበረ የጥበቃ ካሜራ ነው።

ቪዲዮው ብዙ ሺህ ቤተሰብን ያስቆጣው አዲስ ነገር ስላሳየ አይደለም። እናቶች ልጆቻቸው ሲነግሯቸው የኖሩትን፣ «ምን አድርገህ ነው?» እያሉ የተጠራጠሩትን ነገር በዓይናቸው አዩት። በዩኒፎርሙም ውስጥ ሌላ ነገር ነበር። በዚህ ማኅበረሰብ ዘንድ ውትድርና ሙሉ ዜጋ የመሆን ማረጋገጫ ተደርጎ ይታያል፤ ልጆቹም ለውጊያ ክፍሎች በብዛት ይመዘገባሉ። ዩኒፎርሙ ካላስከበረ ምን ያስከብራል?

ሜይ 3 ቀን ቴል አቪቭን የሚያቋርጠው አያሎን አውራ ጎዳና ለሰዓታት ተዘጋ። ማምሻውን ራቢን አደባባይ ላይ ድንጋይና ጠርሙስ ተወረወረ፤ ፖሊስ ፈረሰኛ፣ የድምፅ ቦምብና ውሃ አሰማራ፤ ከሁለቱም ወገን በአስሮች የሚቆጠሩ ሰዎች ተጎዱ። ፕሬዝዳንት ሩቭን ሪቭሊን በማግስቱ ሰልፉ በእስራኤል ኅብረተሰብ ልብ ላይ ያለ የሚደማ ቁስል ማሳየቱን፣ መንግሥትም በበቂ ሁኔታ አለማየቱንና አለመስማቱን ተናገሩ። ቤንያሚን ኔታንያሁ ወታደሩን ተቀብለው አነጋገሩ። ወታደሩን የመታው ፖሊስ ከሥራ ቢሰናበትም፣ ጠቅላይ ዓቃቤ ሕጉ የወንጀል መዝገቡን ከሁለት ወር ባነሰ ጊዜ ውስጥ ዘጋው።

በዚያው ክረምት የወጣ አንድ ድምፅ ከቪዲዮው ይልቅ ነገሩን ገልጦ ያሳያል ብዬ አምናለሁ። አበራ መንግሥቱ የተባለ የአሽቀሎን ነዋሪ፣ የአእምሮ ጤና ችግር ያለበት ወጣት፣ በሴፕቴምበር 2014 አጥሩን ተሻግሮ ጋዛ ገብቶ ቀረ። ጉዳዩ ለአሥር ወራት ያህል ከሕዝብ ተደብቆ ነበር። የጠቅላይ ሚኒስትሩ ተወካይ ከቤተሰቡ ጋር ሲነጋገር የተቀዳው ድምፅ በጁላይ 2015 በቴሌቪዥን ተላለፈ። ተወካዩ ለወላጆቹ፣ የልጃቸውን ጉዳይ ከኢትዮጵያውያን አቤቱታ ጋር ካገናኙት ጋዛ ውስጥ አንድ ዓመት ተጨማሪ እንደሚቆይ ሲናገር ይሰማል። በኋላ ይቅርታ ጠይቋል። ልጃቸው የጠፋባቸው ወላጆች «ለምን እንደ ሌላው ልጅ አልተፈለገም?» ብለው እንዳይጠይቁ ተመከሩ፤ የዝምታቸው ዋጋ የልጃቸው መመለስ ሆኖ ቀረበ። አበራ የተመለሰው ከአሥር ዓመት በላይ ቆይቶ ፌብሩዋሪ 22 ቀን 2025 ነው።

ውዝግቡ

ወላጆችና ልጆች ራሳቸው አልተስማሙም፤ በዚህ ላይ ትንሽ መቆየት ይገባል። ታላላቆቹ ያደጉት ዝም አይነቅዝም በሚባልበት አገር ነው። ሽማግሌ ባለበት መጮኽ፣ መንገድ ላይ ጎማ ማንደድ፣ መንግሥትን መዝለፍ ለእነርሱ ነውር ነው፤ የሰው አገር እንዳይሆንብን የሚል ፍርሃትም አለበት። ልጆቹ ግን የተወለዱት ወይም ያደጉት እስራኤል ነው። ዕብራይስጡ የአፍ መፍቻቸው ነው፤ ሠራተኛው ማኅበር፣ አካል ጉዳተኞች፣ ሃይማኖተኞች መንገድ ሲዘጉ እያዩ ነው ያደጉት። አያሎን ላይ ሲቀመጡ እንደ ማንኛውም እስራኤላዊ መሆናቸው ነበር፤ ወላጆቻቸው ግን ያዩት የጎረቤት ቤት ሲደፈር ነው። የሰሎሞን ተካ ቤተሰብ ራሱ የሐዘኑ ሰባት ቀን እስኪያልቅ ሰልፉ እንዲቆም ለምኗል። ይህ ልመና ብዙዎቹን ወጣቶች መልሷል፤ ከተቃውሞው በላይ የቤተሰቡን ሐዘን አክብረዋል።

የመንገድ መዝጋቱ ትልቁ ክርክር ነው። በ2019 በመኪና ውስጥ ለሰዓታት የታገቱ ሰዎች፣ ሕፃናት የያዙ፣ ሆስፒታል መድረስ የነበረባቸው ነበሩ። መኪናው የተቃጠለበት ሰው ሰሎሞንን አልገደለም። ይህን ተገቢ ነው የሚል ሰው አላሳመነኝም፣ እኔም አልለውም። ነገር ግን አንድ ስሌት አለ፤ በ2019 ትውልደ ኢትዮጵያውያን ወደ 155,000 ነበሩ፣ ከአገሪቱ ሕዝብ ከመቶ ሁለት እንኳ አይሞሉም። በምርጫ የሚያስፈራ ድምፅ የላቸውም፣ በየፓርቲው ተበትነዋል፣ የራሳቸው ትልቅ ጋዜጣም ሆነ ባለሀብት የላቸውም። በአደባባይ ጥግ ፈቃድ አውጥተው የተሰለፉባቸው ቀናት ከሚቀጥለው ቀን ዜና በላይ አልዘለቁም። ኮሚቴ የተቋቋመው አያሎን ከተዘጋ በኋላ ነው። ጸጥ ያለ ተቃውሞ ይሻላል የሚል ሰው፣ ጸጥ ላለው ተቃውሞ ማን መልስ እንደሰጠ ማሳየት ይጠበቅበታል።

ከአሜሪካ ጋር የሚደረገው ንጽጽርም እንዲሁ አከራካሪ ነው። የፓካዳ ቪዲዮ የወጣው ጥቁር አሜሪካዊው ፍሬዲ ግሬይ በፖሊስ እጅ ሞቶ የአሜሪካዋ ከተማ ባልቲሞር በምትቃጠልበት ሳምንት ነበርና ንጽጽሩ ወዲያው መጣ። በእርግጥ የሚመሳሰል ነገር አለ፤ ጥቁር ወጣት መንገድ ላይ ሲታይ በቅድሚያ ተጠርጣሪ መሆኑ፣ የፖሊስ ቃል ካሜራ እስኪገኝ ድረስ መታመኑ። ልዩነቱም ትልቅ ነው። አሜሪካ ውስጥ ጉዳዩ ከባርነትና ከዘር መለያየት ሕግ ይመነጫል። እስራኤል ውስጥ የተበደሉት በሕግ ፊት ባለመብት ሆነው በገዛ ፈቃዳቸው፣ እንዲያውም በናፍቆት የመጡ፣ ከሚመታቸው ፖሊስ ጋር አንድ ሃይማኖት ያላቸው ናቸው። ስለዚህ ስድቡ በሌላ መንገድ ይወጋል፤ የሚክዳቸው ወንድም ነው። አንዳንድ የማኅበረሰቡ ሰዎች «የጥቁሮች ሕይወት ዋጋ አለው» የሚለውን የአሜሪካውን መፈክር መዋስ «እኛ አገር አልባ አይደለንም፣ አገራችን ነው» የሚለውን መልእክት ያደበዝዛል ብለው የተቃወሙት ለዚህ ነው።

የፖሊስ ወገን ክርክርም መሰማት አለበት። ዕዳ ያለባቸው፣ ሥራ የጎደላቸው ሰፈሮች ውስጥ ወንጀል ይበዛል፣ ፖሊስም ወንጀል ባለበት ይሰማራል ይላሉ። በኦገስት 2016 የፖሊስ አዛዡ ሮኒ አልሼይክ በጠበቆች ስብሰባ ላይ፣ ጥናት ስደተኞችና ወጣቶች በወንጀል የበለጠ እንደሚሳተፉ ስለሚያሳይ ፖሊስ ኢትዮጵያዊን የበለጠ መጠርጠሩ ተፈጥሯዊ ነው አሉ። ሐቀኛ ንግግር ነው ብለው ያመሰገኗቸው ነበሩ። ለእኔ ግን ችግሩን በአዛዡ አንደበት ያመነ ንግግር ነው። ሃይፋ ተወልዶ ያደገ ልጅ ስደተኛ አይደለም፤ በመልኩ ብቻ ስደተኛ ሆኖ ከተቆጠረ የሚጠረጠረው በመልኩ ነው።

ምን ተለወጠ?

ከ2015ቱ ተቃውሞ በኋላ የፍትሕ ሚኒስቴር ዋና ሥራ አስኪያጅ ኤሚ ፓልሞር የመሩት ኮሚቴ በ2016 ሃምሳ ሦስት ምክረ ሐሳቦች አቀረበ። ከሁሉ በላይ የሚመዝነው መንግሥት በራሱ ወረቀት ዘረኝነት መኖሩን ማመኑ ነው። ትውልደ ኢትዮጵያውያን ከሕዝቡ ድርሻቸው በእጥፍ፣ ለአካለ መጠን ያልደረሱት ደግሞ በአራት እጥፍ ያህል ክስ እንደሚመሠረትባቸው ሪፖርቱ አሳየ። በፍትሕ ሚኒስቴር ውስጥ ዘረኝነትን የሚዋጋ ክፍል ተከፈተ፤ መሪውም የማኅበረሰቡ ልጅ አወቀ ዜና ሆኑ። ፖሊሶች ሰውነታቸው ላይ ካሜራ መያዝ ጀመሩ።

በአንጻሩ ጸጥ ያለውና ብዙም ያልተወራለት ድል በፍርድ ቤት የተገኘው ነው። ከ2000 ጀምሮ የሚሠራውና አማርኛ ስም የያዘው «ጠበቃ» የተባለው የሕግ ድርጅት ከሌሎች ማኅበራት ጋር ሆኖ፣ ፖሊስ ያለ ምክንያት መንገደኛን እያቆመ መታወቂያ የሚጠይቅበትን አሠራር ከፍተኛው ፍርድ ቤት ድረስ ሞገተ። ፍርድ ቤቱ በጃንዋሪ 2021 ምክንያታዊ ጥርጣሬ ሳይኖር ሰውን አቁሞ መታወቂያ መጠየቅ አይቻልም አለ። ለመሐል አገር ሰው ትንሽ ነገር ይመስላል። ከትምህርት ቤት ሲመለስ በሳምንት ሁለት ጊዜ ለሚቆም ልጅ ግን መቆሙ ነው የሁሉ ነገር መጀመሪያ፤ አንድ «ለምን?» የሚል ጥያቄ ወደ ጭቅጭቅ፣ ጭቅጭቁ ፖሊስን ማወክ ወደሚል ክስ፣ ክሱም ወታደራዊ ምደባንና ሥራን ወደሚያበላሽ መዝገብ ያድጋል።

በወንበርም የታየ ለውጥ አለ። በ2016 ኢትዮጵያ የተወለዱ ሁለት ሴቶች ዳኛ ሆነው ተሾሙ፤ በ2020 ፕኒና ታማኖ ሻታ የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያ ተወላጅ ሚኒስትር ሆነች፤ ኃላፊነቷም ወደ እስራኤል ለኑሮ የሚገቡ አዳዲስ ሰዎች ጉዳይ ነበር። ጎንደርና አዲስ አበባ ውስጥ እስራኤል ካለው ቤተሰባቸው ጋር ለመገናኘት ለዓመታት የሚጠብቁት ሰዎች ፋይል ጠረጴዛዋ ላይ ደረሰ፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ ሁለት ሺህ ሰዎችን ለመውሰድ የታቀደ በረራ ተጀመረ። የቀሩት አሁንም እየጠበቁ ነው።

ነገር ግን ሪፖርቱ ከወጣ በኋላም ሰው ሞቷል። በጃንዋሪ 2019 ባት ያም ውስጥ የሃያ አራት ዓመቱ የሁዳ ቢያድጋ በፖሊስ ጥይት ሞተ። የአእምሮ ሕመም ነበረበት፤ ፖሊስ የጠሩት ቤተሰቦቹ ራሳቸው ሲሆኑ ቢላዋ ይዞ ወደ ፖሊሱ መጠጋቱ ተነገረ። የተኮሰው ፖሊስ አልተከሰሰም። ከአምስት ወር በኋላ ሰሎሞን ተካ። እርሱን የገደለው ፖሊስ በቸልተኝነት መግደል ተከሰሰ፤ ከዓመታት ክርክር በኋላም ፍርድ ቤት በነጻ አሰናበተው።

ወጣቶቹ ዛሬ የሚጠይቁት እንግዲህ ካሜራና ኮሚቴ አይደለም። በፍትሕ ሚኒስቴር ሥር ያለው የፖሊሶች ምርመራ ክፍል አብዛኛውን አቤቱታ ያለ ክስ ይዘጋል፤ እነርሱ የሚፈልጉት ከፖሊስም ከዓቃቤ ሕግም የራቀ፣ መዝገብ ሲዘጋ ለምን እንደተዘጋ ለቤተሰብ በግልጽ የሚያስረዳ አካል ነው። ይህ ጥያቄ እስካሁን መልስ አላገኘም።